የምትጠየቀው ራሷ ናት

መስማት የተሳናት ሴት ከዘመድ ጋር ወደ ክሊኒክ ስትመጣ ጥያቄው ሁሉ ለአጃቢዋ ሲቀርብ ይታያል። «ስንት ልጅ አላት? መርፌ ይሻላታል?» እሷ ግን እዚያው ተቀምጣለች! ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23፣ የልጆቻቸውን ቁጥርና አራርቆ መውለድን ራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው ይገልጻል። የማህፀን ቱቦ ማስቋጠርማ ያለ ፈቃዷ ጨርሶ አይታሰብም።

መርፌው የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር እንደሚችል ለእህቷ ብቻ ከተነገረ፣ ደሙ ሲቀር «አረገዝኩ» ብላ የምትጨነቀው እሷ ናት። አጃቢ ሆነው ከመጡ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆዩ። ባለሙያው በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ማንበብ ከቻለች በጽሑፍ፣ አለዚያም እንክብሉን፣ መርፌውንና ሉፑን እያሳየ ያስረዳት። አስተርጓሚውንም እሷ ትምረጥ፤ በጎረቤት ፊት የማይነገር ነገር አለና።