ከኩፍኝ በኋላ በአንጎል ላይ ስለሚደርስ ጉዳት

ኩፍኝ በአገራችን እጅግ የታወቀ የሕፃናት በሽታ ነው። ከመለመዱም የተነሣ ብዙ ወላጆች ሽፍታው ሲከስም በሽታው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የኩፍኝ ጉዳት በቆዳና በሳንባ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ አንጎል ይዘልቃል። ይህም በተለይ በሁለት መንገድ ይደርሳል።

አንደኛው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሚነሣው የአንጎል መቆጣት ነው። ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ሕፃናት መካከል አንዱን ያህል ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያስነሣው ኃይል ስቶ የራሱን አንጎል ሲያጠቃ ነው። ምልክቱም በርዶ የነበረው ትኩሳት እንደ ገና መነሣት፤ ብርቱ ራስ ምታት፤ ማስታወክ፤ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፤ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ነው። በዚህ ሕመም የሚሞቱ አሉ፤ ከሚተርፉትም መካከል መስማት የሚሳናቸው፤ ትምህርት የሚከብዳቸው፤ የሚጥል በሽታ የሚቀርባቸው ይገኛሉ።

ሁለተኛው፤ ቫይረስ የተባለው የኩፍኝ ረቂቅ ተሕዋስ በአንጎል ውስጥ ተሸሽጎ ቆይቶ፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት በኋላ የሚያስነሣው በሽታ ነው። የሚያገኘው እጅግ ጥቂቶችን፤ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ኩፍኝ የያዛቸውን ነው። ጎበዝ የነበረው ተማሪ መርሳት ይጀምራል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ ቀጥሎም እጅና እግሩ በድንገት ይወራጫል። ለዚህ በሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ፈውስ አልተገኘለትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መምታት፤ ወይም ጋኔን ይዞታል ብሎ በቤት መሸሸግ ታላቅ በደል ነው። የታመመው አንጎሉ ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሲንቀጠቀጥም በጎኑ ማስተኛት እንጂ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ወይም በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መከላከል ነው። የኩፍኝ ክትባት በዓለም ላይ መሰጠት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ ነው። በአገራችን ሕፃናት በ9 ወራቸውና በ15 ወራቸው ይከተባሉ፤ ሁለተኛው የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ኩፍኝ ያልያዘው ልጅ ከሁለቱም የአንጎል ጉዳቶች ይድናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁን የክትባት ካርድ ዛሬውኑ ተመልከቱ። ሁለቱም ክትባቶች ካልተጻፉበት ልጁን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።