«ኮንትራክተር ነህ» ሲሉህ

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን አውጣ፣ የስቴት መታወቂያ ያዝ፣ የባንክ ሂሳብ ክፈት። ይህን የተቀበለህ ዘመድ ይነግርሃል፤ አብሮህም ይሰለፋል። ከደብረ ታቦር፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት አሜሪካ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው፣ መልሱ ሲነገረው ግን ጆሮ የማይሰጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «በኮንትራክተርነት እናሠራህ አሉኝ፤ ጥሩ ነው አይደል?» አንተ ባሰብከው መንገድ ጥሩ አይደለም። ይህ ጽሑፍም በሙሉ ስለዚሁ ነው፤ ሌላው ነገር እየሠራህ ይገባሃል፣ ይሄኛው ግን ሲገባህ ገንዘቡ አልቋል።

አገር ቤት ቃሉ ብዙ ቦታ ይገባል። ባጃጁን ለብቻህ ስትይዝ «ኮንትራት» ትላለህ፤ ቋሚ ያልሆነ መምህር የኮንትራት መምህር ነው፤ በኤጀንሲ ዐረብ አገር የገባች እህት «ኮንትራት ሄደች» ትባላለች። «ኮንትራክተር» ሲባል ግን ዐይናችን ላይ የሚመጣው ደረጃ ያለው የሥራ ተቋራጭ ነው፤ ገልባጭ መኪናና ሎደር ያለው፣ መንገድና ትምህርት ቤት በጨረታ የሚያሸንፍ ሰው። አባትህ በስልክ «ኮንትራክተር ሆኛለሁ» ስትለው የሚሰማው ይህንን ነው፤ ደስታውን ደብቆ አይተኛም፣ በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ አንድ መኪና እንኳ ለሌለው ሰው ይሰጣል። ትርጉሙ «ሠራተኛችን አይደለህም፣ ራስህን የቻልክ ነጋዴ ነህ» ነው። ነጋዴ ከተባልክ አሠሪ የሚሸከመው ሸክም ወደ አንተ ይዞራል፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፣ ሥራው ሲቆም የሥራ አጥ ክፍያ የለም፣ ዕቃ ስታወርድ ወገብህ ቢቀነጠስ የአሠሪው ኢንሹራንስ አያውቅህም።

ቁጥሩን እንየው። ተቀጣሪ ከሆንክ፣ ማለትም በዓመቱ መጨረሻ ደብልዩ-2 የሚባል ቅጽ የሚሰጥህ ከሆነ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደመወዝህ 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ሌላ 7.65 ከራሱ ይጨምራል። ኮንትራክተር ከሆንክ፣ ማለትም 1099 የሚባል ቅጽ የሚሰጥህ ከሆነ፣ ሁለቱም ያንተ ናቸው፤ 15.3 በመቶ፣ ጥቂት ከተቀነሰለት ገቢህ ላይ የሚሰላ። ከወጪ ቀሪ 60 ሺህ ዶላር ያገኘ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው ለዚህ ብቻ ወደ 8,480 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያው ደመወዝ ተቀጣሪው የሚቆረጥበት 4,590 ነው። የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም። ከቼክህ ላይ የሚቆርጥልህ ሰው ስለሌለም ግብሩን ራስህ በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ፣ እየገመትክ መክፈል ይጠበቅብሃል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚሰማው በመጀመሪያው ኤፕሪል ነው። ቼኩ ሳይነካ ሙሉውን ሲመጣ ያንተ ይመስላል፤ ከዚያ ላይ ለወንድም መማሪያ፣ ለአያት ተዝካር፣ ለቤት ቆርቆሮ ይላካል። የላክኸው የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ለቤተሰብ መላክ ነውር የለውም፣ አትላክ የሚልህም የለም፤ ያንተ ያልሆነውን ልኮ መመስገን ግን ብድር ነው፣ ወለዱንም የምትከፍለው አንተው ነህ።

«እነሱ ኮንትራክተር ካሉኝ ምን ማድረግ እችላለሁ?» የሚል ይኖራል። እነሱ ስላሉህ ብቻ አትሆንም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ የሚያየው ሥራውን እንዴት እንደምትሠራ ማን ያዛል፣ መሣሪያው የማን ነው፣ ትርፍና ኪሳራው የማን ነው የሚለውን ነው። ለምሳሌ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩት አውሮፓውያን ሃይማኖት ሊሰብኩ ከነእጅ ሙያቸው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሙያው የእነሱ ነው፤ ምን ይሠራ፣ መቼስ ይሄዱ የሚለው ግን የንጉሡ ነበር። ዛሬ ጉዳያቸው አይአርኤስ ፊት ቢቀርብ ነጋዴዎች ናቸው የሚላቸው አይገኝም። አንተም ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጥተህ የካምፓኒውን ትራክ የምትነዳ፣ ዲስፓቸሩ የት እንደምትጭንና መቼ እንደምትደርስ የሚያዝህ፣ የሌላ ካምፓኒ ጭነት መጫን የማትችል ከሆንክ ምንህ ነው ነጋዴ? አንቺስ ሆም ኬር የምትሠሪው፣ ሰዓቱን ኤጀንሲው አውጥቶ፣ ታማሚዋን ኤጀንሲው መድቦልሽ? የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የኡበር ሾፌሮች የራሳቸው ነጋዴ አይደሉም፣ ዝቅተኛ ደመወዝና የሚከፈልበት ዕረፍት ይገባቸዋል ሲል የወሰነው ውሉ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ቁጥጥሩ በማን እጅ እንደሆነ አይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥም ኤስኤስ-8 የሚባል ቅጽ አለ፤ ሞልተህ ስትልክ ሠራተኛ መሆን አለመሆንህን አይአርኤስ ራሱ ይወስናል። ጊዜ ይወስዳል፣ አሠሪውም ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሥራውን ለመልቀቅ ስትዘጋጅ ብታደርገው ይሻላል።

ሁለተኛው ክርክር «ወጪ አስቀንሼ ታክሱን አጠፋዋለሁ» የሚል ነው። በራስህ መኪና ሰው ወይም ምግብ የምታመላልስ ከሆነ እውነት አለው፤ በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር። በካምፓኒው መኪና የምትሄድ ከሆነ ግን የማይሉ ቅናሽ ያንተ አይደለም። ሊታሰብበት የሚገባው የባሰው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ታክስ የሚሠራልህ ሰው ወጪ እየደረደረ 55 ሺህ የገባልህን ወደ 14 ሺህ ሲያወርድልህ «ጎበዝ ነው» ትላለህ። ኋላ ሚስትህን ልታመጣ፣ ወይም ዜጋ ሆነህ እናትህን ከፋርጣ ልታስመጣ አይ-864 የሚባለውን የስፖንሰርነት ቅጽ ስትሞላ የሚታየው ያ 14 ሺህ ነው። ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ካልሞላ ገቢህ ብቻውን አይበቃም። ያኔ የማታውቀውን ሰው «ጆይንት ስፖንሰር ሁነኝ» እያልክ ደጅ ልትጠና ነው፤ ሀብታም ነው ተብሎ የተወራለት ልጅ። የሌለ ወጪ አስደርድረህ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ውሸት ነው፤ ለዜግነት ስታመለክት ስለ ታክስ ዕዳህ ትጠየቃለህ።

የመጨረሻው ክርክር ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነው፦ «የቀጠረኝ ያገሬ ልጅ ነው፤ ወረቀት ብጠይቀው ይታዘበኛል።» ይታዘብ። ያገርህ ልጅ መሆኑ አሠሪ መሆኑን አያስቀረውም፤ ይልቁንም ይሉኝታህን ያውቃል። ጉና ሥር ያለ ገበሬ የጎረቤቱን መሬት ሲከራይ ውል ይጽፋል፣ ምስክር ያቆማል፤ በዚህም ማንም አይቀየመውም። ወንፈል ሲገባ እንኳ የማን ቀን መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ውቅያኖስ ሲሻገር አፉ የሚያዝበት ምክንያት የለም።

በመጀመሪያው ቀን «ደብልዩ-4 ነው ደብልዩ-9 የምሞላው?» ብለህ ጠይቅ። ደብልዩ-4 ከሆነ ተቀጣሪ ነህ። ደብልዩ-9 ከሆነ እንደ ኮንትራክተር ሊያሠሩህ ነው፤ ሌላ ሥራ ከሌለህ ግባበት፤ ማንም አይፈርድብህም፤ ነገር ግን የሰዓቱን ዋጋ ከተቀጣሪው ጋር ስታወዳድር ልዩነቱን አስልተህ አስጨምር። ቼክ በገባ ቁጥር ሲሦውን ያህል ካርድ በሌለው ሌላ ሂሳብ አስቀምጥ፤ ያንን ሂሳብ ቤተሰብ አይወቀው። ኤፕሪል ደርሶ ገንዘቡ ባይኖርህም ቅጹን በቀኑ አስገባ፦ አለማስገባት በወር 5 በመቶ ያስቀጣል፣ አስገብቶ አለመክፈል ግን ግማሽ በመቶ ነው፤ ቀሪውን በየወሩ እየከፈልክ ለመጨረስ አይአርኤስን መጠየቅ ትችላለህ።