የወተት ላሞችን በበረት ስለ መመርመር

በሐረር ዙሪያ ካሉት መንደሮች የሚመጣው ወተት በጀጎል በሮች ወደ ከተማው ይገባል። የልዩ ልዩ ላሞች ወተት ባንድ ዕቃ ሲቀላቀል፥ ከነዚያ አንዲቱ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ካለባትና ጀርሙ ጡቷ ደርሶ እንደ ሆነ ወተቱ በሙሉ ይበከላል።

ባለላሞች ግን «ላሜ ወፍራም ናት፥ ወተቷም አልቀነሰም፤ ስለ ምን ትመረመራለች?» ይሉናል። ይህ በሽታ በከብት ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተሰውሮ ሊኖር ስለሚችል ዐይን አይፈርድም። የሚፈርደው ቱበርኩሊን ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1890 ለመድኀኒትነት ቢያቀርበው፥ መድኀኒት ሳይሆን ቀርቶ ለመመርመሪያ ዋለ።

የእንስሳት ሐኪሙ በላሚቱ አንገት ላይ በሁለት ስፍራ ጠጕሩን ላጭቶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። ባንደኛው ከከብት፥ በሁለተኛው ከወፍ ነቀርሳ ጀርም የተዘጋጀ ቱበርኩሊን በጥቂቱ በቆዳው ውስጥ ይወጋል። የወፉ መጨመሩ ሌሎች ተመሳሳይ ጀርሞች እንዳያሳስቱት ነው። ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይለካል፤ የከብቱ ስፍራ ከወፉ ስፍራ ከ4 ሚሊሜትር በላይ አብልጦ ያበጠ እንደ ሆነ ላሚቱ በሽተኛ ትባላለች።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን የምንፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። በበሽታው እጅግ የደከመች ወይም በቅርቡ የወለደች ላም መርፌው ላያሳብጣት ይችላል። ነገር ግን ባንድ ጣራ ሥር አብረዋት ሲተነፍሱ የሚያድሩት ላሞች ምስጢሯን ያወጡታል። ስለዚህ በሽተኛው በረቱ ነው እንላለን። አንዲቱ ብትገኝባት ሁሉም ይጠረጠራሉ፤ ምርመራውም ቢያንስ ከ42 ቀን በኋላ ይደገማል። ሳትመረመር የተገዛች ላምም ወደ በረቱ አትግባ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከ88 የወተት ላም በረቶች ከግማሽ በሚበልጡት በሽታውን አግኝቷል።

የተባበሩት አሜሪካ መንግሥታት ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሽተኞቹን እያሳረደ ለባለቤቶቹ ካሣ ከፍሏል። ሁለት ላም ብቻ ላላት እናት ያለ ካሣ «እረጃት» ማለት ግን ምክር አይባልም። ዴንማርካዊው የእንስሳት ሐኪም በርንሃርድ ባንግ የቀየሰው መንገድ ይሻላል፤ ይኸውም በሽተኞቹን ለይቶ ማኖር፥ ጥጆቻቸውንም በተፈላ ወተት ማሳደግ ነው። የአገራችን ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን ስለማትለቅ ይህ ያስቸግራል። በሽታው በብዛት በሚገኝባቸው ከፈረንጅ ዘር በተዳቀሉት ላሞች ግን ይቀላል። እስከዚያው ድረስ ለሰው የሚቀርበው ወተት ሁሉ ይፈላ፤ ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ሽታ ቢሰጥም ማፍላትን አይተካም።