ስለ ቁጥርና ስለ ንባብ አቅጣጫ



ቁጥር በእጅ የማይጨበጥ ነገር ነው። ሆኖም የሰው ልቡና ቁጥርን በሚያስብበት ጊዜ ስፍራ ሰጥቶ እንደሚያሰልፈው ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ስታኒስላስ ደሃን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የምርመራውን ውጤት ገለጠ። ተመርማሪዎቹ የሚታያቸው ቁጥር ለሁለት እኩል የሚከፈል መሆኑንና አለመሆኑን በግራ ወይም በቀኝ እጃቸው ቁልፍ እየተጫኑ እንዲመልሱ ታዘዙ። ስለ ቁጥሩ ትልቅነት ማንም አልጠየቃቸውም። ነገር ግን ለትንንሾቹ ቁጥሮች ግራ እጃቸው፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ቀኝ እጃቸው ፈጠነ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ አንደኛው የንባብ ልማድ ነው። በ2009 ሻኪ፣ ፊሸርና ፔትሩሲክ የተባሉ መርማሪዎች የሦስት ወገን ሰዎችን አነጻጸሩ። ቃልንም ቁጥርንም ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነቡት ካናዳውያን ትንሹን ቁጥር ከግራ ጋር አያያዙ። ሁለቱንም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡት ፍልስጤማውያን ትንሹን ከቀኝ ጋር አያያዙ። ቃልን ከቀኝ፣ ቁጥርን ግን ከግራ ጀምረው የሚያነቡት እስራኤላውያን ወደ አንዱም ወገን አላደሉም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ከንባብ የመጣ ነው ማለት አይገባም። በኢጣልያ ሊቃውንት ተደርጎ በ2015 በታተመ ምርመራ፣ ከተፈለፈሉ ሦስት ቀን የሆናቸው ጫጩቶች ጥቂት ቅርጽ ሲያዩ ወደ ግራ፣ ብዙ ሲያዩ ወደ ቀኝ መሄድን አዘውትረዋል። እንግዲህ ተፈጥሮ ዝንባሌን ብትሰጥም እንኳ ልማድ ሊያጠናው ወይም ሊመልሰው ይችላል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ዐረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ንባብን በቁርአን ቤት የጀመረ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መጥቶ ከ1 እስከ 10 ያለውን ከቀኝ ጀምሮ ቢደረድር፣ ደደብ ነው ተብሎ ሊሰደብ ወይም ሊመታ አይገባም። ዓይኑ የለመደውን መንገድ ተከተለ እንጂ መቁጠር አልሳተም። ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ልጅ ግን ሒሳብን ፈርቶ ይቀራል።

መምህሩ አስቀድሞ ልጁን በቃሉ ያስቆጥረው፤ በትክክል ከቈጠረ ያመስግነው። ከዚያ በኋላ በሰሌዳው ላይ መሥመር አስምሮ፣ «በመጽሐፋችን የሚጀመረው ከዚህ ነው» ብሎ በግራ በኩል ያሳየው። ደግሞም 10 ጠጠሮችን አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ አንድ ጊዜ እንደ መሰላል ከታች ወደ ላይ ያስቆጥረው። ልጁም አቅጣጫው ቢለወጥ ብዛቱ እንደማይለወጥ በዚህ ይረዳል።

ሽማግሎችም በቤት ልጆችን እህልና ከብት ሲያስቆጥሩ ይህንኑ ቢያስቡ መምህሩን እጅግ ይረዱታል።