ከረጢቱ ከእጅ አይለይ፦ ስቶማ ይዞ ወለጋ ለሚገባ

የአሜሪካና የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሲዘጉ ጥያቄው ይመጣል። ከሚኒሶታም ይደወል ከጀርመን ቃሉ አይለወጥም፦ «ሆዴ ላይ ከረጢት አለ፤ ነቀምት ድረስ መሄድ እችላለሁ ወይ?» ይቻላል። ሐኪም ከፈቀደ፣ ስቶማ (አንጀት ሆድ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ) አለው ተብሎ ከአውሮፕላን የሚመለስ ሰው የለም። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሮልፍ ቤኒርሽኬ እ.ኤ.አ. በ1979 ትልቁ አንጀቱ ታሞ ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ ከረጢቱን ይዞ በዓመቱ ሜዳ ተመልሷል፤ ከዚያም ለዓመታት ተጫውቷል። እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ የወለጋ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ መብረር አያቅተውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

የወረቀቱ ነገር ብዙ አያስወራም። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ስቶማው የትኛው እንደሆነ፣ የሚይዘው የከረጢት ብዛትና መድኃኒቱ ይጠቀስበት። ለቦሌ ጉምሩክም የሚያገለግለው ይኸው ደብዳቤ ነው። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ፈታሹ ተጓዡን ከልብሱ በላይ ከረጢቱን ራሱ እንዲነካና እጁን እንዲያስመረምር ሊጠይቀው ይችላል፤ ልብስ ገልጦ ስቶማውን እንዲያሳይ ግን አይገደድም፤ ለብቻው ክፍል የመጠየቅ መብትም አለው። የከረጢቱ ማጣበቂያ ቤት ውስጥ በልክ ተቆርጦ ይለቅ፤ ያኔ በመቀስ ምክንያት ከፈታሽ ጋር መነታረክ አይኖርም። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ ስቶማውን መደበቅ ኢንሹራንሱን እንዳልገዙት ያደርገዋል።

አየር ላይ ከረጢቱ ይነፋል የሚባለው እውነት ነው፤ የሚነፋበት ሰዓት ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ስለሚሳሳ ጋዝ ይሰፋል። ዋሽንግተን ለባሕር ጠለል ቅርብ ስለሆነች ከዚያ የሚነሳ ሰው ለውጡ የሚሰማው ገና ሲወጣ ነው። ሲያርፍ ይሟሽሻል ብሎ የሚጠብቅ ግን ይሳሳታል፤ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እንደ ድሪምላይነር ባለ፣ ውስጡ ወደ 1,800 ሜትር ግድም በሚጠበቅ አውሮፕላን ደግሞ ለማረፍ ሲቃረብ እንዲያውም ጥቂት ይጨምራል። ስለዚህ ቀበቶ እሰሩ ከመባሉ በፊት ተነስቶ ማራገፍ፤ ለስላሳና ቢራውንም ለሌላ ቀን ማቆየት።

አሁን ማንም ወደማይጠይቀው ወጥመድ።

የሚጀምረው ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለአጎት ጫማ፣ ለእህት ልጅ ላፕቶፕ፣ ለመዘምራን ጨርቅ፣ ጎረቤት በአደራ ያመጣችው ቫይታሚን። ሚዛኑ 24 ሲል ምን ይቀነሳል? የአጎት ጫማ አይነካም። የሚወጣው የስቶማው ካርቶን ነው፤ «እዚያ ፋርማሲ አይጠፋም» ይባላል። ይጠፋል። ወለጋ ውስጥ አንጀቱ ታጥፎ ኦፕራሲዮን የተደረገ ገበሬ ፌስታልና ጨርቅ ሆዱ ላይ የሚያስርበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ተፈልጎ ቢገኝ እንኳ የአንዱ ኩባንያ ከረጢት በሌላው ማጣበቂያ ላይ አይቆለፍም፤ ቀዳዳው የሰፋ ማጣበቂያ ደግሞ ባጭር ጊዜ ቆዳ ይልጣል።

ሁለተኛው ስህተት ካርቶኑን ይዞ ሻንጣ ውስጥ መክተት ነው። የእጅ ዕቃ 7 ኪሎ ሲባል ላፕቶፑና ስልኮቹ ይቀድማሉ፤ ከረጢቱ ወደ ታች ይጫናል። ሻንጣው ደግሞ ፍራንክፈርት ሊቀር ይችላል። የዘገየ ጫማ ሰው አይጎዳም፤ ኢሊዮስቶሚ (ከትንሹ አንጀት የወጣ ስቶማ) ያለው ሰው ግን በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያራግፈውን ከረጢት ያለ መቀየሪያ ሊውልበት ነው።

ሦስተኛው ብልጦቹንም ይይዛል። ወደ ደምቢ ዶሎ ወይም ወደ አሶሳ በአገር ውስጥ በረራ የሚቀጥል ሰው ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይደርሰው ይሆናል። የላይ መደርደሪያው ጠባብ ነው፤ ጎማ ያለው የእጅ ሻንጣ ደረጃው ሥር ቲኬት ተለጥፎበት ወደ ጭነቱ ሊሄድ ይችላል። ከእጅ የማይወጣው ከወንበር ሥር የሚገባ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ድርሻ እዚያ ይግባ፤ አንድ ቅያሪ ሱሪም ጭምር።

ስንት ይያዝ ለሚለው የቤት ልክ እጥፍ ነው። በቀን ሁለት የሚጣል ከረጢት የሚጠቀም ሰው ለስድስት ሳምንት 84 ያስፈልገዋል፤ እጥፉ 168፣ ማለትም ባለ 30ው ካርቶን ስድስት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ይበዛል የሚል 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ፤ ያኔ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ የሁለት ሳምንት ጉዞ ወር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባም ካርቶን የሚልክ አይገኝም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ የሚጠየቀው ነቀምት ያለ ዘመድ ነው።

በባዶ እጅ ዘመድ ቤት መግባት ያሳፍራል፤ ይህን ማንም አይክድም። ሆኖም ለአንድ ጥንድ ጫማ ሲባል ካርቶኑን የሚያስቀር ሰው ስጦታውን በቆዳው ነው የሚከፍለው። ለአጎት ገንዘብ ይሰጠውና ጫማውን ነቀምት ገበያ ይግዛ። ቅር ቢለው ያልፍለታል።

ከቦሌ ነቀምት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ። ባኮ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ ሙቀት ማጣበቂያ ያለሰልሳልና ትርፉ ዕቃ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይዋል። አምቦ ላይ ውኃ ያለው መጸዳጃ ተፈልጎ ይራገፍ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ፌስታልና ሶፍት በእጅ። ከረጢቱ ሲሶው ከሞላ ማስቆም ነው፤ ሹፌሩ ቢነጫነጭም።

መደበቅም የወጥመዱ ወንድም ነው። ለማንም ያልተናገረ ሰው «ቦርሳህን እኔ ልያዝልህ» ለሚል የአክስት ልጅ እምቢ ማለት ያፍራል፤ ቦርሳውም በሌላ መኪና ጊምቢ ይገባል። ማዕድ ላይም እንደዚያው ነው። በነሐሴና በመስከረም እሸት በቆሎ ይጠበሳል፣ ከቡናው ጋር ፈንዲሻ ይቀርባል፤ እናት ደግሞ «ኛዱ፣ ኛዱ» (ብላ፣ ብላ) እያለች ትጨምራለች። ኮሎስቶሚ (ከትልቁ አንጀት የወጣ ስቶማ) ላለው ይህ ያን ያህል አያሰጋም። ኢሊዮስቶሚ ያለው ግን በቆሎና ፈንዲሻ መውጫውን ሊዘጉበት ይችላሉ፤ ጭኮው፣ በደንብ የተቀቀለው አንጮቴም በዝግታ እየታኘከ ይበላ። አንዲት እህት ወይም አንድ የወንድም ልጅ ብቻ ይወቅ፤ ሳህኑን በዘዴ የሚያነሳው እሱ ነው። ኢሊዮስቶሚ ውኃና ጨው ቶሎ ያሟጥጣል፤ ስለዚህ ከፋርማሲ «ለምለም» የሚባለውን የሚበጠበጥ ጨው ገዝቶ መያዝ። ሐኪም ሳያማክሩ መጾምም አይገባም።

ከረጢቱ ለሰዓታት ባዶ ሆኖ ሆድ ከቆረጠና ካስመለሰ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይወሰድም። በዚያው ሰዓት ወደ ነቀምት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይኬዳል፤ ጊምቢ አካባቢ ያለ ወደ ጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታል። የሐኪሙ ደብዳቤ ያኔም ይያዝ።

ሲመለስ የተረፈውን ያልተከፈተ ካርቶን ለቀዶ ሕክምና ክፍል መስጠት ይቻላል፤ ፌስታል ላሰረው ገበሬ ከሽቶ ይሻለዋል። የሚሰጠው ግን ለመልስ በረራውና ከዚያ በኋላ ላለው ሳምንት የሚበቃው ተቆጥሮ ትከሻ ቦርሳው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።