ፈተና የማይደርስባቸው ትምህርቶች፦ የጥበባትና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በፎገራ ሜዳ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚታጠፍበት መገንጠያ ላይ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ማዕከል ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ደለል የተሠራ፣ በሩዝ ምርትና በፎገራ ከብት ዝርያ የታወቀ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚማር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከቋንቋ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ ሌላ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ስፖርትና ጤና እንዲማር ሥርዓተ ትምህርቱ ያዝዛል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ትምህርቶች እንዲያስተምሩ የታሰበውን ነገር ተማሪው ከሚኖርበት አካባቢ ጋር በማነጻጸር መመርመር ነው። የጽሑፉ መነሻ ሐሳብ፣ ትምህርቶቹ በተለምዶ እንደ ማረፊያ ቢቆጠሩም በፎገራ ሁኔታ ቢያንስ አንደኛው የሕፃናትን ሕይወት በቀጥታ የሚነካ ነው የሚል ነው።

የትምህርቶቹ መጠሪያ

አማርኛ ለእነዚህ ትምህርቶች የጋራ ስም ለማግኘት ሲቸገር ይታያል። «ልዩ ትምህርት» የሚለው ስያሜ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ስለሚያስታውስ አያገለግልም። መምህራን «ሥነ ውበት» ወይም «ኤስቴቲክስ» ሲሉ ተማሪዎች ደግሞ ሁሉንም «ስፖርት» ብለው ይጠቀልሉታል። የስሙ አለመርጋት የቦታቸውን አለመርጋት ያሳያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሥዕል፣ የእጅ ሥራ፣ ሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ በትምህርት ቤቶች ይሰጡ ነበር። በደርግ ዘመን የፖሊቴክኒክ ትምህርት አስተሳሰብ ሲገባ ክብደቱ ወደ እርሻ፣ ወደ እጅ ሙያና ወደ ቤት አያያዝ ያጋደለ ሲሆን፣ ትምህርት ከምርት ሥራ ጋር መቆራኘት እንዳለበት ይታመን ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 4ኛና ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በሁለት እርከን ከከፈለ በኋላ በመጀመሪያው እርከን «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» የሚባል አንድ የተጣመረ ትምህርት፣ በሁለተኛው ደግሞ ለየብቻ የሚሰጡ ሙዚቃ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ ተቀረጹ። አሁን በሥራ ላይ ባለው የ6፣ 2፣ 4 አደረጃጀት ሙዚቃው፣ ቴአትሩና ሥዕሉ «የክወናና የዕይታ ጥበባት» በሚል ስም ሲሰባሰቡ፣ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ራሱን ችሏል።

ስያሜው በተለወጠ ቁጥር ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር አለ። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሙዚቃን፣ ሥዕልንና ሰውነት ማጎልመሻን አያካትትም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተናም አይጠይቃቸውም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት በሚያስተምርበት አሠራር፣ የተጓተተ የሒሳብ ምዕራፍ ያለበት መምህር የሥዕሉን ክፍለ ጊዜ ቢወስድ የሚጠይቀው የለም። ወላጅም አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የትምህርት ዘመኑ በተቆራረጠበት ሁኔታ ደግሞ የባከነው ጊዜ የሚካካሰው በመጀመሪያ ከእነዚህ ትምህርቶች ተቀንሶ እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

ዜማ በሞላበት አገር ሙዚቃን ማስተማር

ደቡብ ጎንደር በኢትዮጵያ የዜማ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ከፍ ያለ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በጋይንት፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም በዚሁ ዞን ይገኛሉ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው የሚነገርላቸው ይዘት፣ ጭረት፣ ደረት፣ ርክርክና ሌሎቹ የዜማ ምልክቶች ዛሬም በብራና ላይ ከፊደሉ ራስ ተቀምጠው ይነበባሉ። በሌላ በኩል የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የእረኛው ዋሽንትና የወረታ ሙስሊም ነዋሪዎች መንዙማ አሉ። ተማሪው ወደ ክፍል የሚገባው ጆሮው ባዶ ሆኖ አይደለም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነፃ መሆን ስላለበት ድጓን ማስተማር አይችልም፤ አይገባውምም። ነገር ግን የዜማ ቤቱ የማስተማሪያ ስልት ራሱ ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም። መምህሩ ያሰማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እስኪጸና ይመላልሳል፤ ምልክቱ የሚመጣው ድምፁ ከተያዘ በኋላ ነው። በዘመናዊው ክፍል የሚያሰጋው የዚህ ተቃራኒ ነው። መሣሪያ በሌለበት፣ በደረጃው እንኳ ሃምሳ ተማሪ በሚይዝ ክፍል ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ወደ ትርጓሜ ቅጂ መውረድ ይቀናዋል። ተማሪው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አራቱ ቅኝቶች መሆናቸውን ይጽፋል፤ አንዱን ከሌላው በጆሮው ለይቶ እንዲያሳይ ግን አይጠየቅም። ቅኝትን ሳይሰሙ በስም ማወቅ የቅመምን ዝርዝር አጥንቶ ወጥ ሠራሁ እንደማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን መነሻ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በነሐሴ 13 የሚከበረውና ከዞኑ ዋና ከተማ ጋር ስም የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ፣ ለወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬን ያመጣል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዱላው መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቃል። ከሳምንታት በኋላ በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽን ይዘው ይወጣሉ። ሁለቱ ጨዋታዎች የማውረድና የመቀበልን ሥርዓት፣ ምትን መጠበቅንና በዚያው ቅጽበት ግጥም መፍጠርን ያስተምራሉ፤ የመጽሐፉ ምዕራፎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ከሁለቱም በዓላት የተመለሱ ናቸው። በልማድ በጾታ የተከፈለው ጨዋታ በክፍል ውስጥ ቢቀላቀል፣ ሴቷ አውራጅ ወንዱ ተቀባይ ቢሆን፣ ትምህርት ቤት ከአደባባዩ የተለየ ነገር ጨመረ ማለት ነው።

ዋሽንትም እንዲሁ ነው። በሸምበቆ ላይ አራት ቀዳዳ ለማውጣት የሚሞክር ልጅ ቧንቧው ሲረዝም ድምፁ እንደሚወፍር፣ ቀዳዳው ወደ አፍ ሲቀርብ እንደሚቀጥን በእጁ ይደርስበታል። ይህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ድምፅ ከሚነገረው ጋር አንድ ነው።

በዕይታ ጥበቡ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀለምና ወረቀት ባይኖር ዋልካው አፈር አለ፤ የገጠር ሕፃን የጭቃ ከብት መሥራት ማንም አላስተማረውም። ደንገልና የሩዝ ገለባም ለሽመናና ለቅርጽ ሥራ ይሆናሉ።

አንዱ ውኃ፣ ሁለት ትምህርት

ክርክሩ የሚከብደው ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ላይ ሲደርስ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአልጋቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በርካታ ሰዎችን አፈናቅሏል። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት ለሐይቁ የቀረቡ ቀበሌዎች ከውኃ ጋር የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ሁኔታ የሚያድግ ልጅ ውኃ ላይ መንሳፈፍን፣ የሚወርድን ወንዝ ጥልቀት መገመትን፣ የሚሰጥመውን ጓደኛ ራስን ሳያሰጥሙ መርዳትን ማወቅ አለበት ቢባል የሚከራከር አይገኝም። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በብዙ ስፍራ የሚታወቀው ግን በሰልፍ፣ በሩጫ፣ በኳስና በጂምናስቲክ ነው።

ይሁን እንጂ ዋናን ወደ ትምህርቱ ማስገባት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ምክር አይደለም። በጣና ዙሪያ ባሉ ወንዞችና ረግረጎች ብልሃርዝያ አለ። በሽታው ቀንድ አውጣ በሚራባበት ጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ሲሆን ዋነኛ ተጠቂዎቹ የሚዋኙና ከብት የሚያጠጡ ልጆች ናቸው። የሩዝ ማሳውም ቢሆን ተማሪው በባዶ እግሩ ለአረምና ለተከላ የሚገባበት ውኃ ነው። ስለዚህ የአንዱ የትምህርት ዓይነት ሁለት ክፍሎች ይጋጫሉ፤ ማጎልመሻው «ዋኝ» ሲል ጤናው «አትግባ» ይላል። ግጭቱን ማለፍ የሚቻለው ሁለቱን አንድ ላይ በማስተማር ነው፤ የትኛው ውኃ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከወጡ በኋላስ ምን ይደረጋል የሚሉት ጥያቄዎች የክፍሉ ይዘት ሊሆኑ ይገባል። ወደ ውኃ ሳይገቡ የሚሰጥ ትምህርትም አለ፤ ረጅም እንጨት ወይም ገመድ አቀብሎ ሰው ማውጣትን ደረቅ ሜዳ ላይ መለማመድ ይቻላል።

ካላዛርም ከዚሁ መደብ ነው። በሽታው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በወረርሽኝ መልክ ሲታይ ከተጎዱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ ስትሆን፣ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትጠለላለች፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት ነው። ደጅ የሚያድር እረኛ ይህን ማወቁ ስለ ሩቅ አገር በሽታ ከሚያነበው ማናቸውም ነገር ይልቅ ይጠቅመዋል። በወባና በካላዛር መካከል ያለውን ልዩነት፣ ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳትና የሆድ ማበጥ ሲታይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ ተማሪው ቤቱ ቢናገር መረጃው ወደ ወላጅ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ችግር አለው። ጎርፉ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው። የመጽሐፉ ምዕራፎች በቅደም ተከተል ከሄዱ የአደጋ መከላከል ትምህርት በየትኛውም ወር ሊውል ይችላል። በፎገራ ግን ከግንቦት አጋማሽ ማለፍ የለበትም።

የአውራምባ እጆች

በዚሁ ወረዳ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ አነሳሽነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ዋና መተዳደሪያው ሽመና ነው። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ሥራ የሚከፈለው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው። በአካባቢው ባህል ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን የተናቁ መሆናቸው ሲታሰብ፣ የእጅ ሥራን ክብር በተግባር ያሳየ ማኅበረሰብ በዚህ ወረዳ መገኘቱ ለትምህርት ጥናት ትልቅ ነገር ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ጨምሯል፤ ነገር ግን ተማሪው እዚያ ከመድረሱ በፊት ስለ እጅ ሥራ ያለው አመለካከት ጸንቶ ያልቃል። የንቀቱ ቋንቋ የሚለመደው በልጅነት ነው። በ3ኛና በ4ኛ ክፍል እንዝርት የሚያሾር ወንድ ልጅ ሳይሳቅበት ከዋለ የጥበባቱ ክፍለ ጊዜ ማንኛውም ፈተና ሊለካው የማይችለውን ሠርቷል።

ሆኖም መምህሩ በሮስተሩ ላይ ቁጥር መሙላት አለበት፤ ለእነዚህ ትምህርቶችም ከመቶ የሚሰጥ ውጤት ይጠበቃል። ውጤቱ በጽሑፍ ፈተና ብቻ ከተወሰደ ክፍሉ ወደ ቅጂ መመለሱ አይቀርም። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር በመመሪያ ደረጃ ስላለ አዲስ ደንብ አያሻም። የሚያሻው ምዘናው ምን እንደሚመለከት መወሰን ነው፦ አንድን ዜማ ተቀብሎ ምቱን ሳይስት የመለሰ፣ የሠራው ዋሽንት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ያወጣ፣ በገመድ ሰው ማውጣትን በትክክል ያሳየ፣ በርብ ዳር ከብት ሲያጠጣ የት መቆም እንዳለበት ምክንያቱን ጨምሮ ያስረዳ።