ኢሉ አባ ቦርን በእግር፦ ወደ ደኑ አገባብ፣ መንገድ ከጠፋም አወጣጥ

በደሌን አልፎ ወደ መቱ የሚጓዝ ሰው፣ የለመደውን የደጋ ገጽታ ቀስ በቀስ ያጣዋል። የጤፍ ማሳውና ራቅ ብሎ የሚታየው ተራራ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከያዩ ጀምሮ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅበው ደን ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ቀረሮውና ብሳናው ገጥመው ጥላ ይሠራሉ፤ ከጥላው ሥር ቡና ይበቅላል። ጎብኚውን ከሩቅ አገር የሚስበው ይኸው ነው፤ መንገድ የሚያስጠፋውም እሱው ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ያለ እንግዳ አቅጣጫ የሚይዝበት ተራራ አያይም፤ ደመና ካለ ደግሞ ፀሐይም የለችም።

ጉዞውና ወቅቱ

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አንዱ መንገድ በጅማና በአጋሮ፣ ሌላው በአምቦና በነቀምቴ ያልፋል፤ ሁለቱም በደሌ ላይ ይገናኛሉ። መንገዱን በአንድ ቀን ለመጨረስ ከመጣደፍ ጅማ ወይም ነቀምቴ ማደሩ ይሻላል። እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ የቀረውን በመኪና መቀጠልም ይቻላል። የምዕራብ ኦሮሚያ የጸጥታ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሳት በፊት መስመሩን የሚያውቁ ሾፌሮችን መጠየቅ ግድ ነው።

አካባቢው ከኢትዮጵያ ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም አያቋርጥም። ለእግረኛ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያም ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመረጣሉ፤ ቡና የሚለቀምበት ወቅት በመሆኑ ደኑ በሰው ድምፅ ይሞላል፣ መንገድ የሚጠየቅ ሰውም አይጠፋም።

ሦስት መዳረሻዎች

ሶር ፏፏቴ ከመቱ ወደ በቾ በሚወስደው መንገድ ነው። ከበቾ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ይኬዳል፤ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው፣ ጉሬዛም አይታጣም። ሲወርዱ የውሃው ድምፅ ስለሚመራ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ ሲመለሱ ነው፤ ድምፁ ከጀርባ ይሆናል፣ ሲመጡ አንድ የነበረችው መንገድም ሲመለሱ ሁለት ሆና ትታያለች። ስለዚህ ሲወርዱ መንታ መንገድ ላይ በደረሱ ቁጥር ዞር ብሎ የመጡበትን ማየት፣ ካሜራ ያለውም ወደ ኋላ አንድ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

ያዩ የጫካ ቡና የሚበቅልባት ናት። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ 167,021 ሄክታር ይሸፍናል። ዳር ዳሩ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። መካከለኛው ገበሬው እየተንከባከበ ቡና የሚለቅምበት ነው። ዋናው ክፍል ግን በገባ ወንዝ ሸለቆ ዙሪያ ለተፈጥሮ የተተወ ነው። ወደዚህኛው ያለፈቃድና ያለአካባቢው መሪ አይገባም።

ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። መቱ ከመተካቷ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ እሷ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ፣ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠውም እዚሁ ነው። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ አርበኞች በደኑና በሸለቆው አድርገው ለመውጣት ሞከሩ፤ ግን ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ።

ደኑ የሚሰጠው ምልክት

የኢሉ አባ ቦር ደን ሰው ያልረገጠው በረሃ አይደለም፤ በብዙ ስፍራ ባለቤት አለው። ቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ መሬቱ ከታየ፣ የሰው ማሳ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው፤ ቤቱም ሩቅ አይሆንም። የቡናው ዛፍ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ሥሩም በጥሻ ከተዋጠ ግን ጉዞው ወደ ውስጥ ነው፤ መመለስ ይገባል። ዛፍ ላይ ቀፎ ከታየ ባለቤቱ የሚመላለስበት ዱካ ከሥሩ ይኖራል።

ጥርጊያ የሚመስል ሁሉ የሰው መንገድ አይደለም። ሰው የሚሄድበት ላይ ቅርንጫፉ ትከሻ ከፍታ ላይ በቆንጨራ ተቆርጦ ይገኛል። ከወገብ በላይ በሐረግ ተዘግቶ፣ ጎንበስ ካላሉ የማያሳልፈው ግን የከርከሮ መንገድ ነው፤ የሚያደርሰውም ከከርከሮው ውሃ መጠጫ ነው።

በፀሐይ አቅጣጫ የሚለይ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፦ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ እዚህ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ፣ የቀትር ፀሐይ ደቡብን ታሳያለች ቢልም፣ እዚህ ወደ ተቃራኒው ይመራል።

ወንዝ ተከትሎ መውረድ አይበጅም

የጠፋ ሰው ወንዝ ይዞ ቢወርድ ሰው ያገኛል የሚለው ምክር በብዙ አገር ይሠራል፤ ኢሉ አባ ቦር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ከተሞቹና አውራ ጎዳናው ከፍ ባለው ሸንተረር ላይ ናቸው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል፤ ሁሉም፣ ሰው በሌለበት ገደልና ሸለቆ እየተወረወሩ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳሉ። ማርኪ ደ ቦንሻን የመራው የፈረንሳይ ጓድ በ1890 ዓ.ም. ባሮን ተከትሎ ወደ ነጭ ዓባይ ለመድረስ ሞክሮ ነበር፤ ጀልባ ስላልነበረው ረግረጉ ውስጥ ተይዞ፣ ታኅሣሥ ላይ ሳይደርስ ተመለሰ። እዚህ የጠፋ ሰው ሽቅብ ቢወጣ ነው ቀዬ የሚያገኘው።

መንገዱ ከጠፋ

በመጀመሪያ መቀመጥ፣ ውሃ መጠጣት፣ የመጨረሻውን የታወቀ ቦታ ማሰብ። ጀርመን ውስጥ በማክስ ፕላንክ ተቋም በያን ሶማን የተመራ ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ፀሐይ በተሸፈነችበት ደን ውስጥ ቀጥ ብለን እየሄድን ነው ያሉ ሰዎች ሳይታወቃቸው ክብ ሠርተው የራሳቸውን መንገድ አቋርጠዋል። ፀሐይ ስትታያቸው ግን ቀጥ ብለው ሄዱ። በደመናማ ቀን በስሜት መራመድ ድካም ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ቀጥሎ ማድመጥ። የመስጊድ አዛን በቀን አምስት ጊዜ ይሰማል፤ ጠዋት ዶሮ ይጮኻል፤ የወፍጮ ሞተርም ከሩቅ ይለያል። ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ በሣርና በእንጨት ምልክት አድርጎ፣ በየጥቂት እርምጃው ቅርንጫፍ እየሰበሩ መሄድ ነው። ፊሽካ ያለው ሦስት ጊዜ እየነፋ ያዳምጥ። ሰው ከተገኘ በኦሮምኛ «ካራን ነ ጀላ በዴ»፣ መንገድ ጠፋኝ፣ ማለት ይበቃል።

ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ደን ውስጥ ግን ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ ፊትን ወደ ከተማ ማዞር ነው። ጨለማው ከቀደመ በሌሊት መሄድ ገደል ያስገባል፤ ባሉበት ማደር ይሻላል። ከነብር ይልቅ የሚያስቸግረው ዝናብና ብርድ ነው፤ ከመቀመጥ በፊት ደግሞ ጉንዳን መኖር አለመኖሩን መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

ከመነሳት በፊት

የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ቆሎና ውሃ ይያዛል፤ ሳማ ስላለ ረጅም ሱሪና ካልሲ ይለበሳል። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታው ሆቴል ሳሉ ስልክ ላይ ይጫን። መሪ ለማግኘት በመቱ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይቻላል። ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወላል፤ የአካባቢው ዋና ሆስፒታል መቱ ካርል ነው።

ጎብኚው የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሆቴሉ ተናግሮ ይውጣ። ሲመለስም መመለሱን ይንገር፤ ያለዚያ የመንደሩ ሰው አልጋው ላይ የተኛን እንግዳ ጫካ ለጫካ ሲፈልግ ያድራል።